የቢልድ ቱል ቴስት፦ የትኛው መንገድ ይሻላል?

ነገሩ ወዲህ ነው። አብረውኝ ለሚሰሩ ልጆች አንዲት ትንሽ ቢልድ ቱል፣ ማለትም የተጻፈ ኮድን ወደሚሄድ ፕሮግራም የምትቀይር መሣሪያ፣ ጽፌ ነበር። ኮድ ጄነሬት ታደርጋለች፣ ኮምፓይለሩን ትጠራለች፣ ያልተቀየረውን ትዘላለች። ሌላ ሙያ የላትም። ቴስት ግን ሞልቷታል፣ ሲአይ (ኮድ በገባ ቁጥር ቴስቶቹን በራሱ የሚያስኬደው ሰርቨር) ላይ ሁልጊዜ አረንጓዴ ናት፣ ሁሉም ያልፋል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዱ ልጅ መጣና «ይሄን ባግ ጠዋት ነው ያስተካከልኩት፣ አሁንም ግን አለ» አለኝ። ኮዱን አየነው፣ ተስተካክሏል። ፕሮግራሙን አስነሳነው፣ ባጉ አለ። ሎግ ጨመርን፣ ሎጉ አይወጣም። የተስተካከለ ኮድ ላይ ሦስት ሰዓት ያህል አፍጥጠን ከቆየን በኋላ፣ ተስፋ በመቁረጥ ይመስለኛል፣ የቢልድ ፎልደሩን ጠራርገን አጠፋነውና እንደ አዲስ ሰራነው። ባጉ ጠፋ።

ጥፋቱ የእኔ ቱል ነበር። የተቀየረውን ሄደር ፋይል (የሲ ፋይሎች የሚጋሩት የማወጃ ፋይል) የሲ ፋይሉ በቀጥታ አይጠራውም፤ የሚጠራው ጄነሬት የተደረገ ሌላ ሄደር ነው። ቱሏ ደግሞ የዲፔንደንሲውን ዝርዝር፣ የትኛው ፋይል በየትኛው ላይ እንደሚመሠረት የሚለውን፣ የምትይዘው የመጀመሪያው ቢልድ ላይ ብቻ ነበር። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ቢቀየርም ወሬውን አትሰማም። «ሁሉም አፕ ቱ ዴት ነው» ትላለች፣ ዓይን ያወጣ ውሸት፣ ያውም በዜሮ ኤግዚት ኮድ፣ «ሁሉም ሰላም ነው» በሚለው ቁጥር።

ቁጭ ብዬ ቴስቶቼን አንድ በአንድ ሳያቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ባዶ ፎልደር ይፈጠራል፣ ቢልድ ይደረጋል፣ ውጤቱ ይታያል፣ ፎልደሩ ይጠፋል። ሁለቴ ቢልድ የሚያደርግ አንድም ቴስት የለም። የመጀመሪያውን ቢልድ እኮ ተራ የሼል ስክሪፕትም ይሰራዋል። ሰው ቢልድ ቱል የሚፈልገው ለሁለተኛው ነው።

ስለዚህ ከዚህ በታች መንገዶቹን ሳወዳድር መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ይሄ ዓይነት ቴስት ሁለተኛውን ቢልድ ያየዋል ወይ? ፍጥነቱና ለመጻፍ መቅለሉ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

አንድ ነገር ልጨምር። ቢልድ ቱል የሚበላሸው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው፣ መስራት የሌለበትን ይሰራል። ይሄ ያናድዳል፣ ጊዜ ይበላል፣ ሰው ግን ቶሎ ይጮህበታልና ይታወቃል። ሁለተኛው፣ መስራት ያለበትን ይተዋል። ይሄኛው ድምፅ የለውም። ማንም አይጮህም፣ ምክንያቱም ሁሉም ሰው ባጉን የሚፈልገው የራሱ ኮድ ውስጥ ነው። ቴስት ስትመርጡ ክብደቱን ለሁለተኛው ስጡት።

ዲስክ ሳይነኩ፦ ዩኒት ቴስት

ዩኒት ቴስት የኮዱን አንድ ክፍል ለብቻው ነጥሎ ይሞክራል። ለዚህ መንገድ ከማውቃቸው ሁሉ ጥሩው ምሳሌ ኒንጃ ነው። ኢቫን ማርቲን ለክሮም ብሎ የጀመረው፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነው ፈጣኑ ቢልድ ቱል። የኒንጃ ቴስቶች ውስጥ ሜሞሪ ላይ ብቻ የሚኖር የውሸት ፋይል ሲስተም አለ። ፋይል «ይፈጠራል»፣ ዲስክ ላይ ግን ምንም አይጻፍም። ሰዓቱም የውሸት ነው፤ ቲክ የምትባል ፈንክሽን በተጠራች ቁጥር በአንድ ይጨምራል። ኮማንዶቹንም እውነት አያስኬዳቸውም፣ የትኞቹ ሊሄዱ እንደነበር ብቻ ዝርዝር ይይዛል።

እንዲህ ከሆነ አንድ ቴስት ምን ይመስላል? ሀ ከለ ይሰራል፣ ለ ከመ ይሰራል። ሦስቱም አሉ። ቲክ። መ ተቀየረ። ቢልድ። ስንት ኮማንድ ሄደ? ሁለት። ዝርዝሩ ይጥራ። ደግሞ ቢልድ። ስንት? ዜሮ። አለቀ። እንቅልፍ የለ፣ ዲስክ የለ፣ ኮምፓይለር የለ፤ እንዲህ ያሉ በመቶ የሚቆጠሩ ቴስቶች ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ድረስ ያልፋሉ። ሁለተኛው ቢልድም እንደምታዩት ውስጡ አለ።

ለግራፍ (ማን በማን ላይ እንደሚመሠረት)፣ ለፓርሰር (የቢልድ ፋይሉን ለሚያነበው ክፍል)፣ ክብ ሰርቶ ራሱ ላይ የሚመለስ ዲፔንደንሲን ለመያዝ፣ «የትኛው ቆሽሿል፣ እንደገና መሰራት አለበት?» ለሚለው ሎጂክ ከዚህ የሚሻል የለም። አዲስ ቱል ከዜሮ የምትጽፉ ከሆነ ዲስኩን፣ ሰዓቱንና ኮማንድ አስኪያጁን ከመጀመሪያው ቀን በኢንተርፌስ ለዩአቸው። ኋላ ላይ ልለያቸው ብትሉ፣ እኔ ሞክሬዋለሁ፣ አይመከርም። ፋይል የሚከፍተው ኮድ በየጓዳው ተበትኖ ታገኙታላችሁ።

ድክመቱስ? የውሸት ዲስኩን የጻፍነው እኛው ነን። ስለ ዲስክ የተሳሳተ ግምት ካለን ግምቱ ቱሉም ውስጥ አለ፣ ቴስቱም ውስጥ አለ፤ ሁለቱ ተስማምተው አረንጓዴ ያበራሉ። የእኔ ባግ ኮምፓይለሩ ስለ ሄደሮቹ የሚያወጣውን ዝርዝር የሚመለከት ነበር፣ የእኔ የውሸት ኮምፓይለር ደግሞ ዝርዝር የሚባል ነገር አያወጣም። ሺህ ዩኒት ቴስት ቢጨመርበት አይይዘውም ነበር።

ፕለጊን (ሌላ ቢልድ ቱል ላይ የሚሰካ ተጨማሪ) ለምትጽፉ ደግሞ አንድ ማስጠንቀቂያ። የጃቫ ሰዎች የሚጠቀሙበት ቢልድ ቱል ግሬድል ፕሮጀክት ቢልደር የሚባል ለዩኒት ቴስት የሚሆን ነገር አለው። ታስኩ (የቢልዱ አንዱ ሥራ) ተመዝግቧል ወይ፣ ነባሪ ዋጋው ትክክል ነው ወይ ለማለት ጥሩ ነው። እውነተኛ ቢልድ ግን አያስኬድም። ስለዚህ ኢንፑትና አውትፑት በትክክል ስለማወጃችሁ የሚነግራችሁ ነገር የለም፤ ፕለጊን ደግሞ በብዛት የሚሳሳተው እዚያው ላይ ነው።

ቴምፕ ፎልደር ውስጥ እውነተኛ ቢልድ

አንድ መንገድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይሄንን ነው የምመርጠው። ትንሽ ፕሮጀክት ቴምፕ (ጊዜያዊ) ፎልደር ውስጥ ትጽፋላችሁ፣ ቱላችሁን ልክ ተጠቃሚ እንደሚያስነሳው ከውጭ ታስነሳላችሁ፣ ከዚያ የሆነውን ታያላችሁ።

ቀረብ ብለን እንየው። ሁለት የሲ ፋይሎች አሉ እንበል፣ ሀ እና ለ። ሁለቱም አንድ የጋራ ሄደር ይጠራሉ። መጀመሪያ ቢልድ ይደረግ፦ ሦስት ኮማንድ መሄድ አለበት፣ ሁለት ኮምፓይልና አንድ ሊንክ (የተሰሩትን ቁርጥራጮች አንድ ፕሮግራም አድርጎ መግጠም)። ምንም ሳይነካ ይደገም፦ ዜሮ። ሄደሩ ይቀየር፦ ሦስት። ለ ብቻ ይቀየር፦ ሁለት፣ ለን ኮምፓይል ማድረግና ሊንክ። የለ ኦብጀክት ፋይል (ከኮምፓይሉ የወጣው) በእጅ ይጥፋ፦ ቱሉ አይቶ መልሶ መስራት አለበት። አሁን ደግሞ ለ መጨረሻ ላይ ኮመንት ብቻ ይጨመር። የፋይል ይዘትን በሃሽ (ከይዘቱ በሚሰላ አጭር አሻራ) የሚያይ ቱል ለን ኮምፓይል ያደርግና ኦብጀክቱ እንዳልተቀየረ ሲያይ ሊንኩን ይዘለዋል፤ ስለዚህ አንድ። ቀኑን፣ ማለትም ፋይሉ መጨረሻ የተቀየረበትን ጊዜ፣ ብቻ የሚያይ ቱል ሁለቱንም ይሰራል። ሁለቱም ጥፋት አይደሉም፣ ግን የእናንተ ቱል የትኛውን ቃል እንደገባ ቴስቱ ላይ ተጽፎ ይቀመጥ።

ከዚያ የኮምፓይለሩን ፍላግ (ሲጠራ የሚሰጠውን ምርጫ) ቀይሩ። እዚህ ላይ ቱሎች ይለያያሉ። ስቱዋርት ፌልድማን በ1976 እ.ኤ.አ. ቤል ላብስ ውስጥ የሰራው ሜክ፣ እስከ ዛሬ ድረስ፣ በራሱ ይህን አያይም። የሚያወዳድረው የፋይሎቹን ቀን ነው፣ ኮማንዱ ቢቀየር ግድ የለውም። ኒንጃ ግን የእያንዳንዱን ኮማንድ ሃሽ ሎጉ ውስጥ ስለሚይዝ ይነቃል። በመጨረሻ ለን ከፕሮጀክቱ አውጡት። አሮጌው ኦብጀክት ፋይል ፎልደሩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ሳያስቡት ላይብረሪው ውስጥ ይገባል ወይ? ይሄኛው ቴስት ስንቱን አሳፍሯል መሰላችሁ።

ልብ በሉ፣ በየእርምጃው የምንቆጥረው የሄዱትን ኮማንዶች ነው። ውጤቱ ትክክል መሆኑን ብቻ ብናይ ኖሮ ሁልጊዜ ሁሉንም ከዜሮ የሚሰራ ደደብ ቱል በክብር ያልፍ ነበር። ለመቁጠር ቀላሉ ዘዴ፣ ኮምፓይለሩን በትንሽ ስክሪፕት ተክታችሁ ስክሪፕቱ በተጠራ ቁጥር አንድ መስመር ሎግ ፋይል ላይ እንዲጽፍ ማድረግ ነው።

አሁን ወጥመዱ። የፋይል ቀን። ቴስት በጣም ፈጣን ነው፤ ፋይል ይጽፋል፣ ቢልድ ያደርጋል፣ ፋይሉን ይቀይራል፣ ሁሉም በሚሊሰከንዶች ውስጥ። ፋት የሚባለው አሮጌ ፋይል ሲስተም የለውጥ ሰዓት የሚይዘው በ2 ሰከንድ ልዩነት ነው። የማኩ አሮጌው ኤችኤፍኤስ ፕላስ በ1 ሰከንድ ነበር። ኤክስት 4 ናኖሰከንድ መመዝገብ ይችላል፣ ግን በብዙ ሊኑክሶች ላይ ከርነሉ የሚሰጠው ሰዓት በጥቂት ሚሊሰከንድ የሚዘል ነው፤ በዚያች ክፍተት ሁለቴ የተጻፈ ፋይል ቀኑ አይለወጥም። ያኔ ቴስታችሁ አንዴ ያልፋል አንዴ ይወድቃል፣ ደግሞ የሚወድቀው ፈጣን ማሽን ላይ ነው። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው በየመሃሉ የአንድ ሰከንድ እንቅልፍ መክተት ነው። እኔም አድርጌዋለሁ። መቶ ቴስት ሲሆን ሲአዩ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይሆናል። የሚሻለው የፋይሉን ቀን ራሳችሁ በግልጽ ወደፊት መግፋት ነው፤ ማንኛውም ቋንቋ ለዚህ የሚሆን ፈንክሽን አለው። አንድ ቴስት ግን ሆን ብላችሁ ቀኑን ሳትገፉ ተዉት፣ ምክንያቱም ተጠቃሚውም ፋይሉን ሴቭ ሲያደርግ ቀን አይገፋም።

ይህን መንገድ ከባዶ መገንባት ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ግሬድል ቴስት ኪት አለው፦ ቢልዱን እውነት ያስኬዳል፣ ሲጨርስ ለእያንዳንዱ ታስክ ምን እንደሆነ ይነግራችኋል፤ ተሰርቷል፣ አፕ ቱ ዴት ነው፣ ከካሽ (ከተቀመጠ የቀድሞ ውጤት) መጣ፣ ወደቀ። «ሁለተኛው ላይ አፕ ቱ ዴት ይበል» ማለት አንድ መስመር ነው። በተለያዩ የግሬድል ቨርዥኖችም ላይ ያስኬድላችኋል። ሌላው የጃቫ ቱል ሜቨን ላይ ኢንቮከር ፕለጊን አለ፦ ትንንሽ ፕሮጀክቶችን አንድ ፎልደር ውስጥ ትደረድራላችሁ፣ እሱ እያንዳንዱን ያስኬድና ሲጨርስ የማረጋገጫ ስክሪፕታችሁን ይጠራል። ጥሩ ነው፣ ግን ልምዱ አንዴ ማስኬድ ስለሆነ ሁለተኛውን ቢልድ እንዲሞክር አስታውሳችሁ መጻፍ አለባችሁ።

የስካላ ቋንቋ ቢልድ ቱል ኤስቢቲ ላይ ያለው ስክሪፕትድ ለእኔ ልብ የሚሰርቅ ነው። አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ እርምጃዎቹን በመስመር በመስመር ትጽፋላችሁ፤ በ> ምልክት የሚጀምረው የቢልድ ኮማንድ ነው፣ በ$ የሚጀምረው ፋይል መቅዳት ወይም ማጥፋት ነው፣ ከፊቱ ሰረዝ ካለበት ደግሞ «ይሄ መውደቅ አለበት» ማለት ነው። ኮምፓይል፣ የተቀየረውን ፋይል ቅዳ፣ ደግሞ ኮምፓይል። ሁለተኛው ቢልድ ቅርጹ ውስጥ ገብቷል። የጎ ቋንቋ ቱልም እንዲሁ ነው፦ አንድ ፋይል፣ ከላይ ኮማንዶቹ፣ ከታች ቴስቱ የሚፈልጋቸው ፋይሎች በሙሉ። ከኮማንዶቹ መሃል «ይሄ ፓኬጅ አርጅቷል ወይስ አላረጀም?» ብላ የምትጠይቅ ለብቻዋ አለች። የጻፏት ሰዎች ችግሩ የት እንዳለ ገብቷቸዋል ማለት ነው። የራሳችሁን ቱል የምትጽፉ ከሆነ ይህን ቅርጽ ያለ ሀፍረት ቅዱ። ባግ ሪፖርት የሚያደርግ ሰው ራሱ አንድ ፋይል ጽፎ ሊልክላችሁ ይችላል።

የጉግሉ ቢልድ ቱል ቤዝል በሼል ስክሪፕት የተጻፉ ብዙ እንዲህ ያሉ ቴስቶች አሉት። ሼል ለመጻፍ ፈጣን ነው፣ ከሦስት ወር በኋላ ለማንበብ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ዋጋው ፍጥነት ነው። እያንዳንዱ ቴስት እውነተኛ ፕሮሰስ ያስነሳል። ጄቪኤም (የጃቫ ፕሮግራሞች የሚሄዱበት) ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ሁሉም ቴስት የጄቪኤም መነሻ ጊዜ ይከፍላል፤ ዴሞን (ከጀርባ ሳይጠፋ የሚቆይ ፕሮሰስ) ብትጠቀሙ ይፈጥናል፣ ግን ዴሞኑ ካለፈው ቴስት የተረፈ ነገር ይዞ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ የተከፈተ ፋይል ስለማይጠፋ፣ ዴሞኑ ሳይሞት ቴምፕ ፎልደሩን ላጥፋ የሚል ቴስት ይወድቃል። ባጉ የእናንተም የቱሉም አይደለም፣ ቀናችሁን ግን ይበላል።

የወጣውን ጽሑፍ ከተቀመጠው ጋር ማወዳደር

ስናፕሾት የሚባለው። ቱሉ ስክሪን ላይ ያወጣውን ጽሑፍ አስቀምጦ በሚቀጥለው ጊዜ ማመሳሰል። የረስት ቋንቋ ቢልድ ቱል ካርጎ ይህን በሰፊው ይጠቀማል፤ የሚጠበቀው ጽሑፍ ቴስቱ ውስጥ አለ፣ የሚለዋወጠው ቦታ ላይ [..] ይገባና ይዘለላል። ለሲ ፕሮጀክቶች የሚሆነው ሲሜክም የራሱ አለው፤ የሚጠበቀው ኤረር በሬጌክስ (የጽሑፍ ቅርጽ መግለጫ) በተለየ ፋይል ይቀመጣል።

ለኤረር መልእክት ግሩም ነው። «ፋይሉ አልተገኘም» የሚለውና «ፋይሉ አልተገኘም፣ በመስመር 12 ላይ የጠራው ይሄ ነው» የሚለው ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው፣ በሌላ ዓይነት ቴስት ደግሞ ማንም አይጠብቀውም። ከዚያ ውጭ ግን አልወደውም። በፓራለል ሲሄድ የመስመሮቹ ቅደም ተከተል ይለዋወጣል፣ ፓዝና ሰከንድ ይገባበታል፣ አንድ ቃል ብትቀይሩ አርባ ቴስት ይወድቃል። ያኔ ሰው ምን ያደርጋል? ሁሉንም አድስ የሚለውን ኮማንድ ይመታል፣ ሳያነብ። እኔ ሳያነብ ኮሚት ከሚያደርጉት አንዱ ነኝ። ሁለተኛውን ቢልድ ያያል? ያያል፣ ሰው ካነበበው።

በዘፈቀደ መቀያየር

እኔን ከዚያ ጉድ ያወጣኝ ይሄኛው ነው። ሐሳቡ አጭር ነው፦ ብዙ ቅያሬ ባለፈበት ፎልደር ላይ የተሰራ ቢልድ ውጤቱ ከዜሮ ከተሰራው ጋር ባይት በባይት እኩል መሆን አለበት። ይሄ ሕግ ለማንኛውም ፕሮጀክትና ለማንኛውም ቅያሬ ይሰራል። ስለዚህ ምሳሌውን እናንተ ማሰብ የለባችሁም፣ ኮምፒውተሩ ያምጣው።

የሰራሁት እንዲህ ነው። አንድ ስክሪፕት በዘፈቀደ ግራፍ ይፈጥራል፣ ከአምስት እስከ ሃያ ፋይል፣ ማን ማንን እንደሚጠራ በዕጣ። ከዚያ በዘፈቀደ ቅያሬ ያደርጋል፦ ፋይል መቀየር፣ ማጥፋት፣ ስም መቀየር፣ አዲስ ጥሪ መጨመር፣ ጥሪ መሰረዝ። ቢልድ። ሌላ ቅያሬ። ቢልድ። እንዲህ አሥር ጊዜ ያህል። መጨረሻ ላይ ፎልደሩ ሌላ ቦታ ይቀዳል፣ የቢልድ ውጤቶቹ ይጠፋሉ፣ ከዜሮ ይሰራል፣ የሁለቱ ሻ 256 ሃሽ ይነጻጸራል።

እውነተኛ ኮምፓይለር አልተጠቀምኩም። የእኔ የሐሰት ኮምፓይለር ያነበባቸውን ፋይሎች ስምና ይዘት በተራ ገልብጦ ውጤቱ ላይ ይለጥፋል፣ ሌላ ስራ የለውም። ይሄ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ ፈጣን ነው። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ውጤቶች ሲለያዩ ፋይሉን ከፍታችሁ ብቻ የትኛው አሮጌ ይዘት ተሰንቅሮ እንደቀረ በዓይናችሁ ታያላችሁ። የሐሰቱ ኮምፓይለር ግን፣ ካለፈው ስህተቴ ተምሬ፣ ያነበባቸውን ፋይሎች ዝርዝር እንደ እውነተኛው ያወጣል።

ያ ሦስት ሰዓት ያስለፋን ባግ በመጀመሪያው ምሽት ወጣ። ከእሱ ሌላ ደግሞ ያላሰብኩት አንድ ተጨመረ፦ ፋይል የነበረ ስም ፎልደር ሲሆን ቱሏ ትደናበራለች። ይሄን ማን ቴስት ብሎ ይጽፋል?

ሌላም ብልሃት አለ፣ ቅያሬዎቹ መሃል «አሮጌ ፋይል ከነቀኑ መመለስ» የሚል ጨምሩ። አንድ ሰው ከባክአፕ የትናንቱን ፋይል ይመልሳል፤ ይዘቱ ተቀይሯል፣ ቀኑ ግን ከውጤቱ ይቀድማል። «ከእኔ የሚያንስ ቀን ያለው አይመለከተኝም» የሚል ቱል ዝም ብሎ ያልፈዋል።

የዚህ ሐሳብ መነሻ ሀስኬል ላይ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው ኩዊክቼክ ነው፤ ፓይተን ላይ ሃይፖቴሲስ የሚባለው አለ። ዝግጁውን ብትጠቀሙ ይሻላል፣ ምክንያቱም ስህተት ሲያገኝ ምሳሌውን ራሱ ያሳንሰዋል። ሃያ ፋይልና አሥር ቅያሬ ይዞ የሚወድቅ ቴስት ዲባግ ማድረግ መከራ ነው፤ ወደ ሁለት ፋይልና ሦስት እርምጃ ሲወርድ ግን ጥፋቱ ራሱ ይናገራል። የእኔ ስክሪፕት ይህን አያደርግም ነበርና በእጄ ነው ያሳነስኩት፣ አልመክርም። ቢያንስ ሲዱን፣ ያንኑ ዕጣ መልሶ የሚያመጣውን ቁጥር፣ ሎግ ላይ ጻፉ። ያለ ሲድ የወደቀ የዘፈቀደ ቴስት ከሕልም አይለይም።

ችግሮቹም አሉ። ሁልጊዜ ሁሉንም የሚሰራ ቱል ይህን ሕግ ያልፋል፤ ስለዚህ «ወዲያው ሲደገም ዜሮ ኮማንድ» የሚል ሁለተኛ ሕግ አብሮ ይግባ። በእውነተኛ ኮምፓይለር ለማድረግ ከፈለጋችሁ ደግሞ ውጤቱ ራሱ በየጊዜው የሚለያይ መሆን የለበትም። ዚፕና ጃር የፋይል ቀን ይይዛሉ፣ ዲባግ መረጃ የፎልደሩን ሙሉ ፓዝ ይይዛል። ሶርስ ዴት ኢፖክ የሚባለውን ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል የሚያከብሩ ቱሎች ላይ ቀኑን መቆለፍ ይቻላል፤ ፓዙን ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ስም ፎልደር ውስጥ በመስራት።

ከዚሁ ጎራ አንድ የነጻ ነገር ልንገራችሁ። ጂኤንዩ ሜክ ከ4.4 ጀምሮ፣ እሱ በ2022 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ ሻፍል የሚባል ኦፕሽን አለው። የሚሰሩትን ነገሮች ቅደም ተከተል ያበራያል። «ሀ ከለ በፊት ይሰራል» ብላችሁ በአጋጣሚ የተማመናችሁበት ቦታ ካለ፣ ሳታውጁት፣ እዚያው ይወድቃል። የራሳችሁ ቱል ላይም ይህን መጨመር የግማሽ ቀን ስራ ነው።

የሰው ፕሮጀክት ላይ መሞከር

ረስት ክሬተር የሚባል አለው፤ አዲስ ቨርዥን ከመውጣቱ በፊት ይፋ የሆኑ የረስት ፓኬጆችን በአሮጌውና በአዲሱ ሰርቶ ማን እንደተሰበረ ያያል። ለእኔና ለእናንተ ይሄ ቅንጦት ነው፣ ግን አምስት እውነተኛ ፕሮጀክት መርጣችሁ በሳምንት አንዴ ብታስኬዱ አይጎዳም። እናንተ በሕልማችሁ የማታስቡትን የፎልደር አደራደር ሰው ይጠቀማል። የተሰበረውን ይነግራችኋል፣ ለምን እንደተሰበረ አይነግራችሁም። ደግሞ ሁሉም አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ የሚሰሩ ስለሆነ ሁለተኛውን ቢልድ አያዩም፣ ካላስታወሳችሁ።

የትኛውም መንገድ ቢሆን የሚረሱ

ስሙ ውስጥ ክፍት ቦታ ያለው ፎልደር። በግዕዝ ፊደል የተሰየመ ፎልደር፤ በዩቲኤፍ 8 እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚወስድ የፊደል ቁጥርና የባይት ቁጥር የሚያምታታ ኮድ ወዲያው ይጋለጣል። ትልቅና ትንሽ ሆሄ የማይለዩት ዊንዶውስና ማክ። ዊንዶውስ ላይ የ260 ፊደል የፓዝ ገደብ፣ እሱ ቴምፕ ፎልደር ውስጥ ያለ ፎልደር ውስጥ ያለ ፎልደር ሲሆን ሳታስቡት ይሞላል።

አንዱን ግን ለብቻው ላንሳ፣ መሃል ላይ መግደል። ቢልዱ እየሄደ ፕሮሰሱን በኪል 9 ግደሉት፣ ከዚያ እንደገና አስነሱት። ግማሽ የተጻፈ ፋይል አለ፣ ቀኑ አዲስ ነው፣ ቱሉ «ተሰርቷል» ይለዋል። ጂኤንዩ ሜክ በኮንትሮል ሲ ሲቋረጥ የጀመረውን ፋይል ለማጥፋት ይሞክራል፤ ኪል 9 ግን ማንም ሊይዘው የማይችል ሲግናል ነው። ከዘፈቀደ ቅያሬዎቹ አንዱ «ግደል» ይሁን። የእኔ ቱል ይህን አላለፈችም ነበር። አሁን መጀመሪያ በጊዜያዊ ስም ትጽፋለች፣ ስትጨርስ ስሙን ትቀይራለች።

እንግዲህ ማን የቱን ይያዝ?

ፕለጊን የምትጽፉ ከሆነ ቱሉ ያዘጋጀላችሁን ያዙ፣ ቴስት ኪት፣ ኢንቮከር ወይም ስክሪፕትድ። ለእያንዳንዱ ታስክ ቢያንስ ሦስት ቴስት ጻፉ፦ ሳይነካ ሲደገም ይዘለል፣ ኢንፑቱ ሲቀየር ይሰራ፣ አውትፑቱ ሲጠፋ ይሰራ። ዩኒት ቴስቱን ለሎጂኩ ብቻ አስቀሩት። ዘፈቀደው ለእናንተ ከመጠን በላይ ነው፤ ግራፉን የሚይዘው ቱሉ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

አዲስ ቱል የምትጽፉ ከሆነ የውሸት ዲስኩን ከመጀመሪያው ቀን፣ ስክሪፕትድ የሚመስለውን ከመጀመሪያው ሳምንት፣ ዘፈቀደውን ካሽ ከመጨመራችሁ በፊት። ካሽ ከገባ በኋላ ከጻፋችሁት ቀድሞ የተቀመጡትን ባጎች ለማውጣት ብዙ ምሽት ይፈጃል። እኔ በዚህኛው ቅደም ተከተል አልሄድኩም፣ ሁሉንም ከኋላ ወደ ፊት ነው ያደረግኩት።

ቱል የጀመራችሁት ከዓመታት በፊት ሆኖ ዲስኩን መለየት የማይታሰብ ከሆነ ዩኒት ቴስቱን እርሱት፣ ከውጭ የሚያስነሳውን ብቻ አብዙ። ዝግ ይላል። ይሁን።

የቀራችሁት ደግሞ ብዙዎቹ ናችሁ፦ ቱል የማትጽፉ፣ ግን ሁለት ሺህ መስመር ሜክፋይል (የሜክ መመሪያ ፋይል) የወረሳችሁ። ለእናንተ ፍሬምወርክ አያስፈልግም። ሲአይ ላይ ቢልዱ እንዳለቀ ሜክን በዳሽ ኪው (-q) አንዴ ጥሩት፤ የሚሰራ ነገር ከቀረ 1፣ ከሌለ 0 ይመልሳል። ገና ከመጀመሪያው 1 ካለ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚለው 1 ነው፣ የትኛው ታርጌት (ሜክፋይሉ ይሰራ ያለው ነገር) ፋይሉን እንደማይፈጥር ፈልጉ። እሱ ከተስተካከለ በኋላ በየሌሊቱ እያንዳንዱን ሄደር አንድ በአንድ ቀኑን እያደሳችሁ ያው ኮማንድ 1 ይላል ወይ እዩ። 0 ያለባቸው ሄደሮች ዝርዝር ጠዋት ኢሜይላችሁ ላይ ይጠብቃችኋል። የእኔ የመጀመሪያው ዝርዝር ላይ ሰባት ነበሩ።